ያቺ ስንጥቅ ከመቼ ጀምሮ ነበረች?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው፣ በመለኪያው 5.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ብዙ ሰው ከአልጋው አስነሥቶ ነበር። ሲነጋ ቅዳሜ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ቡናውን ትቶ ግድግዳውን ሲያይ አረፈደ። አጥር የሚያዋስኑኝ ባልና ሚስት፣ ትዳራቸው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥታ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የምትወጣ ስንጥቅ አግኝተው ክርክር ገጥመዋል።

«የሌሊቱ ነች! ትናንት እዚህ ምንም አልነበረም» ይላሉ ጋሼ።

«ኧረ እግዜርን ፍራ! ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ጀምሮ የነበረች ናት፤ መጋረጃው ሸፍኗት ነው» ይላሉ እትዬ።

ምስክር እንድሆን ተጠራሁ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፣ ልጃቸውን ድሬያለሁ። ስንጥቋ ቀድሞ ትኑር አትኑር ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ። ቤቴ ተመልሼ የራሴን ግድግዳ ሳይ ሦስት ቆጠርኩ። ስለ ሦስቱም የማውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አንድ የማውቀው መሐንዲስ ስልኩ እረፍት አጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ የስንጥቅ ፎቶ እየላከ «ያሰጋል ወይ?» ይለዋል። እሱ የሚመልሰው በጥያቄ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? እየሰፋ ነው ወይስ ባለበት ነው? «ይህን የመለሰልኝ አንድም ሰው የለም» አለኝ። በሽተኛው መቼ እንደታመመ የማያውቅ ሐኪም ሆኖ ነው የሰነበተው።

ቤትን በየጊዜው የመፈተሽን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ ያ ጠዋት ነው። «ፍተሻ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ከበር ላይ ጥበቃና ከመታወቂያ ጋር ስለተያያዘ ለቤት ሲሆን ይከብዳል። እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው፤ ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ቤትን ከጣሪያ እስከ መሠረት ዞር ዞር ብሎ ማየትና ያዩትን መጻፍ። ማየቱን ጥቂት ሰው ይሞክረዋል። መጻፉ ነው የሌለው።

ይህ ልማድ ጭራሹን አልነበረንም ማለት ግን አይቻልም። የአያቴ ቤት የጭቃ ነበር። ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የሚረጨው የግድግዳው ግርጌ ተልጦ ማገሩ ያገጠጠ ነበር። አያቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር ታስቦካና አሰንብታ ታስመርጋለች። ከምርጊቱ በፊት ግን ቤቱን ትዞራለች። በዘነዘና ጫፍ የባሕር ዛፉን ቋሚ ከታች ወደ ላይ ኳ ኳ እያደረገች ጆሮዋን ትሰጣለች፤ ድምፁ ደፈን ካለ ደኅና ነው፣ ባዶ ቅል እንደሚመታ ካስተጋባ ምስጥ ገብቶበታል። የትኛው ቋሚ በየትኛው ዓመት እንደተቀየረ በልጆች ልደት ትቆጥር ነበር፦ «ይኼ አንተ የተወለድክ ዓመት የገባ ነው» እያለች።

አያቴን ጠንቃቃ ያደረጋት ቤቱ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ግብሩን ይጠይቃል፤ አንድ ዓመት ብታልፈው በሁለተኛው ይፈርስብሃል። የብሎኬት ቤት አሥር ዓመት ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ጤንነት ቆጠርነውና የመዞሩ ልማድ ከጭቃው ጋር አብሮ ቀረ። የተረፈን የእንቁጣጣሽ ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ የቤት ኩል ነው፤ ያሳምራል እንጂ ዓይን አያድንም። እርጥበት ያበላሸውን ልስን በነሐሴ ቀብተን ብናደምቀው፣ ያው ነጠብጣብ ኅዳር ላይ ቀለሙን ልጦ ብቅ ይላል። እኛም በሚቀጥለው ዓመት ደግመን እንቀባዋለን።

አዲስ አበባ ላይ የቤት ጠላት ማን ነው ቢባል፣ እኔ ከምስጡም ከመንቀጥቀጡም ውሃን አስቀድማለሁ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባቸዋል። ጣሪያህ 100 ካሬ ከሆነ በሐምሌ ወር ብቻ 25,000 ሊትር ያህል ውሃ በላዩ ያልፋል፤ ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ 25 ጊዜ ሞልቶ መደፋቱ ነው። ያ ሁሉ ውሃ የሚጠብቀው መዳፍ በማትሰፋ አሸንዳ ውስጥ አልፎ፣ ክንድ በማይሞላ ቱቦ ወርዶ፣ ከቤቱ ርቆ እንዲሄድ ነው። አሸንዳዋ ከተደፈነችስ?

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐምሌ ሌሊት ትራሴ ላይ ጠብ የሚል ነገር ቀሰቀሰኝ። ቀና ስል የችፑዱ ኮርኒስ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። ባልዲ ደቀንኩ፣ አልጋ ጎተትኩ፣ ልጆቹን አዛወርኩ። በማግስቱ የመጣው ጣሪያ ሠራተኛ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጓሮ አለዎት እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። አሸንዳው ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል በስብሶ አፈር ሆኗል፤ በአፈሩ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ቡቃያ በቅሏል። ከቡቃያው ሥር የልጆቹ የቴኒስ ኳስ የቱቦውን አፍ ልክክ ብላ ደፍናዋለች። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው አናት ወደ ውስጥ ገብቷል።

ቆርቆሮው ምንም አልሆነም ነበር። ሚስማሩም ደኅና ነበር። ኳሷን አንሥቶ አሸንዳውን ለመጥረግ ሠራተኛው የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አልፈጀበትም። እኔ ግን የሁለት ክፍል ኮርኒስ ቀየርኩ፣ የበሰበሰ ሞራሌ አስነሣሁ፣ ውሃ የገባበትን የመብራት መስመር እንደ አዲስ አስዘረጋሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ኳሷ ከጠፋች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ልጆቹ አንዴ «ጣሪያ ላይ ወጥታብናለች» ብለውኝ «በኋላ» ብያቸዋለሁ።

ስለ ጣሪያ ካነሣን ሚስማሩንም እንየው። የቆርቆሮ ሚስማር ቆቡ ሥር ጎማ አለው። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል። በዚህ ምልልስ ሚስማሩ ቀስ በቀስ ብድግ ይላል፤ ጎማውም ደርቆ ይሰነጠቃል። ስስ ቆርቆሮ ሲሆን ይብሳል። ገበያ ላይ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ሰው ልብ አይልም፤ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ የረከሰው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ዲሽ ሊያቆም የወጣው ልጅ አለ። ሚስማር ያለበትን መስመር ትቶ መሐል መሐሉን ረግጦ ወርዷል፤ ቻናሉን አስተካክሎልን አመስግነን ሸኝተነዋል። ጣሪያችን ላይ ሰው በወጣ ቁጥር በሚቀጥለው ዝናብ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ማየት ልማድ ቢሆን ምን ነበር?

ለዚህ የግድ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያልለመደ ሰው ባይወጣ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በኮርኒሱ መውጫ ጭንቅላትን አሾልኮ መብራት ሳያበሩ ቀና ማለት ነው። ቀዳዳ ካለ በጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ ያበራል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሰባት ኮከብ ቆጥሬያለሁ። ለእያንዳንዱ ከታች ምልክት አድርጌ ሠራተኛው በአንድ ጠዋት ደፈናቸው።

አሁን ወደ ስንጥቁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስንጥቁና አሸንዳው የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፍ ናቸው። ቦሌ፣ ገርጂ፣ አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ዋልካ የምንለው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጥሩ ግንበኛ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ በምትኩ ሴሌክት ይሞላል። ያልተደረገለት ቤት በየዓመቱ በአንድ ጎኑ ብድግ፣ ቁጭ ይላል። አሸንዳው ሞልቶ ከቤቱ አንድ ጥግ ሥር ብቻ የሚፈስ ከሆነ፣ ሮቶው ሞልቶ በዚያው ጎን የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ አንዱ ጥግ ሲያብጥ ሌላው ደርቆ ይቀራል። ያኔ ግድግዳው በደካማ ቦታው ይናገራል፤ ደካማ ቦታው ደግሞ የበርና የመስኮት ማዕዘን ነው። ከዚያ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ ራሱ የሚስተካከል በር፣ ከግድግዳው የሚላቀቅ የወለል ሊሾ፣ እነዚህ ሲገናኙ ለባለሙያ መደወል ነው። ልስን ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች በአብዛኛው እንቅልፍ የሚነሱ አይደሉም።

መለያው ግን ጊዜ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ ብቻ ነው። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ አጭር መስመር ማስመር፣ አጠገቡ ቀኑን መጻፍ፣ ጥፍር ይገባ እንደሆነ መሞከር፣ በስልክ ፎቶ ማንሣት። ከስድስት ወር በኋላ ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ከሄደ መሐንዲሱ ላነሣው ጥያቄ መልስ አለህ።

መብራትን በአጭሩ ልለፈው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። እንጀራ ሁለት ሰዓት ሲጋገር ያ ሁሉ ኃይል በአንዲት ሶኬት ያልፋል። ሶኬቷ ሠራተኛው ላላ አድርጎ የገጠማት ከሆነ መጀመሪያ ትሞቃለች፣ ከዚያ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ቡናማ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታን ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው የምትጋግረው ሴት ናት። እሷን የሚጠይቃት ግን የለም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲመጣ የሚያነጋግረው ሳሎን የተቀመጠውን አባወራ ነው። የጋዝ ሲሊንደሩን ላስቲክ በሳሙና አረፋ መፈተሽና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ራሱ እስኪናገር አለመጠበቅም ከዚሁ ፍተሻ የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይደረግም? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ባለቤትነት ላይ እንቆም ባይ ነኝ። ሰው የሚዞረው የእኔ ነው የሚለውን ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩም በሕግ ተቀነሰ። በዚያ ኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቤቶቹን ለመጠገን አይበቃም ነበር። ተከራዩ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ቢቀይር ነገ የማን ይሆናል ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ወገን እያየ ቤቱ ለአሥርት ዓመታት ወደ ጎን ጋደለ። ተከራይና አከራይ ዛሬም በግል ቤት ይህንኑ ጨዋታ ይጫወታሉ። ተከራዩ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አይናገርም፤ ከተናገረ «እንግዲያው አድሼ ኪራይ ልጨምር» መባልን ይፈራል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ የውጭ ግድግዳውን የጋራ ንብረት አድርጎ፣ አስተዳደሩን ለባለቤቶቹ ማኅበር ሰጥቷል። በወረቀት ደኅና ነው። ጣሪያው የሁሉም ነው፤ የሚያፈሰው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ላለው ብቻ ነው። ማኅበሩ በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት ያዋጣል፤ ምድር ቤት ያለው ነዋሪ ስለ ቆርቆሮ ሲነሣ የራቀ አገር ወሬ የሚሰማ ነው የሚመስለው። እሱ ደግሞ የፍሳሽ ቱቦው ሲደፈን ብቻውን ይጨነቃል፤ ያኔ ላይኛዎቹ አይሰሙም። በረንዳ ላይ አርማታው ተላጦ የዛገ ፌሮ ሲታይ የማን እንደሆነ ሦስት ስብሰባ ይፈጃል። ብረት ሲዝግ ከመጠኑ በላይ ያብጣል፤ እያበጠ አርማታውን ይገፋዋል፤ ስብሰባ አይጠብቅም። በእኔ አስተያየት ማኅበራት ትልቅ የጥገና ፈንድ እስኪያጠራቅሙ መጠበቅ የለባቸውም። ከወርሃዊው መዋጮ ላይ ትንሽ ቆርጠው በዓመት አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ የቱቦ መስመሩንና በረንዳዎቹን የሚያይ ሰው ቢቀጥሩ፣ ያየውንም በደረጃው መግቢያ ቢለጥፉ ይበቃል። ሰው ሲያነበው የሚቀረው ክርክር ያጥራል።

ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ቤት ሲገዛ ውል ከመጨረሱ በፊት ኢንስፔክተር ቀጥሮ ነበር። ሰውየው ግማሽ ቀን ሲሳብ ሲንፏቀቅ ውሎ ባለ ፎቶ ዳጎስ ያለ ሪፖርት አስረከበው፤ በዚያ ወረቀት ተደራድሮ ከዋጋው አስቀነሰ። በጣም ቀናሁ። «ከዚያ ወዲህስ?» ስለው ሳቀ፤ ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሰባት ዓመቱ። ለካ እነሱም ፍተሻውን የሚያውቁት ለግዢ ነው። ይኸው ሰው አዲስ አበባ በውክልና ያሠራው ቤት አለው። በየወሩ በቴሌግራም ፎቶ ይላክለታል፤ በሩ፣ አጥሩ፣ የፊት ለፊቱ ቀለም። «የአሸንዳውን ፎቶ ጠይቅ» አልኩት።

የሚያስቀናው የኔዘርላንዶች ነገር ነው። በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞኑመንተንዋኽት የሚባል ተቋም አቋቋሙ። የድሮ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የነፋስ ወፍጮ ባለቤቶች ተመዝግበው ይከፍላሉ። ተቆጣጣሪዎቹ መሰላልና ገመድ ጭነው ይመጣሉ፤ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ የተንሸራተተውን አንድ ክዳን መልሰው፣ አሸንዳ ጠርገው፣ የትኛው አጣዳፊ የትኛው ቆይ የሚባል እንደሆነ ጽፈው ይሄዳሉ። ትልቁን ጥገና ግን ራሳቸው አይወስዱም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የሚያየውም የሚሠራውም አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ባገኘ ቁጥር ብዙ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ባለሙያ ጠርቶ «እስቲ እየው» ማለት ኪስን ከፍቶ እንደ መስጠት ይፈራል። ለአንዱ የግማሽ ቀን ዋጋ ከፍሎ ማሳየት፣ ሥራውን ለሌላ መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያው ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው።

ሰው የሚሸሸው ወጪውን ብቻ አይደለም፤ ማወቁንም ነው። አቅም በሌለበት ጊዜ የበሰበሰ ሞራሌ አለህ መባል ምን ይጠቅማል? እኔም ብዬዋለሁ። ካየሁ በኋላ ግን ሁሉም እኩል አጣዳፊ እንዳልሆነ ገባኝ። ውሃ የሚያስገባውና የሚሞቀው ሶኬት ይቀድማሉ፤ የሊሾው ስንጥቅ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። አሁን በዓመት ሁለት ቀን ለቤቱ ሰጥቼዋለሁ። አንዱ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ሰኔ ከገባ ጣሪያ ሠራተኛ ስልክ አያነሣምና። ሌላው ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ክረምቱ የሠራው ሥራ ትኩስ ሆኖ ሳለ። ያየሁትን የምጽፍበት ደብተር የልጄ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተር ነው፤ ግማሹ ባዶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን ዙር ስጨርስ ወደ ጎረቤቶቼ ጎራ አልኩ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ጋሼ ወንበሩን ይዘውልኝ፣ ያቺን ስንጥቅ በሁለት ጫፏ በእርሳስ አስምሬ ቀን ጽፌባት ነበር። እትዬ መጋረጃውን ገለጡት። አንድ ክረምት አልፎ፣ በልጉ ዘንቦ፣ ስንጥቋ ከመስመሩ አልወጣችም። ጥፍሬም አይገባም።

«አየሽ? የዚያን ሌሊት መጣች፣ እዚያው ቆመች» አሉ ጋሼ።

«ድሮም የነበረች ነገር ወዴት ትሄዳለች?» አሉ እትዬ።

ከመስኮቱ በታች፣ ከሶፋው ጀርባ፣ መዳፍ የምታክል ጠቆር ያለች እርጥበት አየሁ። «ይቺስ?» ስል ሁለቱም ተያዩ። ጋሼ ትከሻቸውን ሰበቁ። እትዬ እርሳስ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገብተው ነበር።